«ፍቅርማ አለን፤ ወደ አገልግሎቱ እንግባ»፦ ስለ አገልግሎት ግብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን በኤፌሶን ትቶት ወደ መቄዶንያ ሲሄድ፣ በዚያ የነበረው ጉባኤ በአስተማሪ እጦት የተቸገረ አልነበረም። እንዲያውም አስተማሪ በዝቶበት ነበር። ተረትንና መጨረሻ የሌለውን የትውልድ ታሪክ የሚተነትኑ፣ የሕግ አስተማሪ ለመባል የሚጓጉ፣ የሚናገሩትን ግን ራሳቸው የማያስተውሉ ሰዎች መድረኩን ይዘውት ነበር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የሰጠው መለኪያ አጭር ነው፦ «የትእዛዝ ፍጻሜ ግን ከንጹሕ ልብና ከበጎ ሕሊና ግብዝነትም ከሌለበት እምነት የሚወጣ ፍቅር ነው» (1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5)።

ይህን ጥቅስ የማያውቅ አገልጋይ የለም። ሆኖም ዓመታዊ ዕቅድ ሲወጣና በጀት ሲጸድቅ ፍቅር ከመክፈቻው ጸሎት አልፎ ራሱን የቻለ አጀንዳ ሲሆን ብዙም አይታይም። ይህ የሚሆነው አገልጋዮች ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ስለ ፍቅር የያዝናቸው አንዳንድ አስተሳሰቦች ስለተጣመሙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በየጉባኤያችን ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው።

«አገልግሎት የሚለካው በፍሬው ነው፤ ፍሬው ደግሞ የሕዝቡ ብዛትና የጸጋ ስጦታው ኃይል ነው»

የቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን አንድም የጸጋ ስጦታ እንዳልጎደላት ጳውሎስ ራሱ መስክሮላታል። ልሳንም ትንቢትም እውቀትም ነበራት። ለጌታ እራት ስትሰበሰብ ግን ያለው ቀድሞ ይበላል፣ የሌለው ይራባል፤ አንዱ ባዶ ሆዱን ተቀምጦ ሳለ ሌላው ይሰክራል። ጉባኤው የሚሰበሰበው ሰፊ ቤት ባላቸው ምእመናን ዘንድ ነበር። የጌታውን ሥራ ጨርሶ የሚመጣ ባሪያ ማዕዱ ሳይነሳ ይደርስ ዘንድ ሌሎቹ ሊታገሡት ይገባ ነበር። ጳውሎስ የሰጣቸው መፍትሔ ማንም ሊፈጽመው የሚችል ነው፦ «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ»። የማይጠባበቅ ጉባኤ የጌታን እራት እየበላ አይደለም ብሎ እስከ መናገር ደርሷል።

በሰርግ ላይ የምናነበው 1ኛ ቆሮንቶስ 13 የተጻፈውም ለዚህ ጉባኤ ነው። የተቀመጠው ስለ ጸጋ ስጦታዎች በሚናገሩት በምዕራፍ 12 እና 14 መካከል ነው። «በሰዎችና በመላእክት ልሳን ብናገር ፍቅር ግን ከሌለኝ እንደሚጮኽ ናስ ወይም እንደሚንሿሿ ጸናጽል ሆኜአለሁ» የሚለው ቃል ለሙሽሮች ከመነበቡ በፊት ለሰባኪዎችና ለዘማሪዎች የተላከ ነው። በዓመቱ ሪፖርታችን ስንት ሰው እንደተጠመቀና ስንት ኮንፈረንስ እንደተካሄደ እንጽፋለን፤ ይህ ይጻፍ። ነገር ግን ሰዎቹ ከመጡ በኋላ እርስ በርስ መተዋወቃቸውን ማንም ካልጠየቀ፣ ሪፖርቱ የሚነግረን አዳራሹ መሙላቱን ብቻ ነው።

«ለትክክለኛ ትምህርት መቆም ይቅደም፤ ፍቅር ትምህርትን ያላላል»

ለዚህ መልስ የምትሰጠን ያችው ኤፌሶን ናት። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 ጌታ ለኤፌሶን ጉባኤ ሲናገር ያመሰግናታል፦ ሐዋርያት ነን የሚሉትን መርምራ ሐሰተኞች ሆነው አግኝታቸዋለች፣ ክፉዎችን አልታገሠችም፣ ስለ ስሙም ደክማለች። ጢሞቴዎስ የተላከበት የሐሰት ትምህርትን የመከላከል ሥራ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከባድ ነው፦ «ዳሩ ግን የምነቅፍብህ ነገር አለኝ የቀደመውን ፍቅርህን ትተሃልና»። ንስሐ ካልገባች መቅረዟ ከስፍራው እንደሚወሰድ ተነገራት። ትምህርቷ ትክክል ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ጳውሎስ ሐሰተኛ ትምህርትን በጢሞቴዎስ መልእክት የተቃወመው ክርክርን እንጂ ፍቅርን ስላላፈራ ነው። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስም ቅዱሳት መጻሕፍትን ተረዳሁ የሚል ሰው መረዳቱ እግዚአብሔርንና ባልንጀራን መውደድን ካላነጸ ገና አልተረዳም ብሎ አስተምሯል። ስለዚህ ትምህርትና ፍቅር አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ አይደሉም። ትክክለኛ ትምህርት የሚጠበቀው ሰዎችን ወደ ፍቅር እንዲያደርስ ነው። በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የሌላውን ሰባኪ ስሕተት ለመግለጥ ሌሊቱን የሚያነጋ ወንድም፣ በዚያው ሳምንት ለዚያ ሰው በስም ጠርቶ ጸልዮለት እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

«የሚወድ አይገሥጽም፤ የሚገሥጽ አይወድም»

ይህ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰ አመለካከት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጉዳቱም በሁለት ወገን ነው።

አንደኛው ወገን ዝምታን ፍቅር ይለዋል። የገንዘብ ያዡ መዝገብ አልተመረመረም፤ «ወንድማችንን እንዳናስቀይም»። አንድ ሽማግሌ በትዳሩ ላይ ግፍ እየፈጸመ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ «ስሙ እንዳይጠፋ»። በዚህ ሁሉ የሚጠበቀው የኃያሉ ስም ነው። የሚስቱ እንባ ግን በቤቷ ይቀራል። ይህን ፍቅር ብሎ መጥራት በተጎዳው ሰው ላይ ሁለተኛ በደል መጨመር ነው።

ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ አማኞች ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ከማዕዱ ለየ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃወመው። ነገሩ የምግብ ሥርዓት ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ማዕድ የተገፉ ሰዎች ነበሩ። ጳውሎስ የተናገረው ለእነርሱ ብሎ ነው። ከዚያስ በኋላ? በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ጳውሎስ «የተወደደው ወንድማችን» ተብሎ ተጠርቷል። በግልጥ የተገሠጸው ሰው የገሠጸውን ወዳጅ ብሎ ይጠራዋል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተግሣጽን ቅጣት ያደርገዋል። አንዲት ወጣት ትሳሳታለች። ጉዳይዋ በሽማግሌዎች ይታያል፣ ከኅብረት ትታገዳለች፣ በጉባኤ ፊትም ይነገራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረዋት ይዘምሩ የነበሩት ስልኳን አያነሡም። የእገዳው ጊዜ ሲያበቃ የሚመልሳት ሰው ስለሌለ እዚያው ውጭ ትቀራለች። ሽማግሌዎቹ ግን ጉዳዩ ተዘግቷል ብለው መዝገባቸውን ዘግተዋል።

በአዲስ ኪዳን ጉዳዩ የሚዘጋው በእገዳ አይደለም። ጌታ በማቴዎስ 18 ስለ በደለ ወንድም ሲናገር የመጀመሪያው እርምጃ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ መነጋገር ነው፤ ዓላማውም «ወንድምህን ገንዘብ ማድረግ» ነው። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 2 ከብዙዎች ቅጣት ስለደረሰበት አንድ ሰው ሲጽፍ፣ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ፍቅራችሁንም አጽኑለት ይላል። ደግሞም ይህን ካላደረግን ሰይጣን ያታልለናል ይላል። በዚህ ቦታ የሰይጣን መግቢያ የተባለው ምሕረትን መንፈግ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ አንድ ሰው ከኅብረት በታገደበት ዕለት በየሳምንቱ የሚጎበኘው ሰው በስም ይመደብ እላለሁ። ጎብኚ ማግኘት ያልቻለ ጉባኤ ለማገድም ገና ዝግጁ አይደለም።

«ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን፤ የቋንቋና የብሔር ነገር አይነሣ»

በኢየሩሳሌም ግን ተነሥቷል፤ ሐዋርያትም አላፈኑትም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለት ዕለቱ እደላ ችላ ስለተባሉ በዕብራውያን ላይ አንጎራጎሩ። ሐዋርያት «መከፋፈል አታምጡ» አላሏቸውም። ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ልብ ብሎ ያነበበ ሁሉም የግሪክ ስም መሆኑን ያያል፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ከአንጾኪያ የመጣው ኒቆላዎስ። የሁሉንም መበለቶች እደላ የሚያስተዳድሩት የተበደለው ወገን ስም ያላቸው ሰዎች ሆኑ። ብዙኃኑ ይህን ማድረግ የቻለው የማይፈራ ፍቅር ስለነበረው ነው።

በእኛ ዘንድ በብዙ ቋንቋ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ከተሞች የአምልኮ ሰዓት ክፍፍል ብቻውን ወራት የሚፈጅ ጠብ ይሆናል። በአሜሪካ ባሉ አማርኛ ተናጋሪ ጉባኤዎችም በእንግሊዝኛ ያደጉት ልጆች ስብከቱን ሳይሰሙ ከወላጆቻቸው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሲያድጉም ብዙዎቹ ይሄዳሉ። ቅሬታውን ማንሣት አንድነትን ማፍረስ ተደርጎ ከተቆጠረ፣ ያለው አንድነት የአንደኛው ወገን ምቾት ነው።

«ፍቅር የእርዳታ ክፍሉ ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ቃሉን መስበክ ነው»

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። በዚያ ዘመን ከውጭ የሚመጣው ድጋፍ ለልማት በብዛት ሲሰጥ ለወንጌል ሥራ ግን እጅ ያጥር ነበር። የደብዳቤው ክርክር ሰውን ለሁለት መክፈል አይገባም የሚል ነበር። ወንጌልን የተራበው ሰውና እንጀራ የተራበው ሰው ያው አንድ ሰው ነው። ለጋሾቹን በገንዘባቸው ጉዳይ መገዳደር ድፍረት ይጠይቃል፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን አደረገችው።

የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት መንገድ ሲከፈትላቸው መንጋዬን በመከራ ጊዜ ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገድለው መቀበራቸው የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስብከታቸውና ፍቅራቸው የተለያየ ክፍል አልነበረውም።

«መጀመሪያ ለራሳችን ሰዎች»

ለእምነት ቤተ ሰዎች ቅድሚያ መስጠት ገላትያ 6፥10 ላይ አለ፤ ያው ቁጥር ግን «ለሰው ሁሉ» መልካም ማድረግን አስቀድሞ ይናገራል። ወደ ጥንቱ የአማልክት አምልኮ የተመለሰው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ በ362 እ.ኤ.አ. ገደማ ለገላትያው የአማልክት ሊቀ ካህናት ለአርሳቅዮስ ሲጽፍ፣ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን የሚጠራቸው እንዲህ ነበር) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ፣ ይህ ለእኛ ነውር ነው ብሏል። ይህን የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ተቃዋሚ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የወላይታ ነው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 እ.ኤ.አ. ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አገኙ። በጣሊያን ዘመን አማኞቹ ሲሳደዱና ሲታሰሩ፣ እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነበር። ለታሰሩት ክርስቲያኖች ምእመናኑ ያመጡት የነበረው ምግብ ተርፎ ጠያቂ የሌላቸውን ሌሎች እስረኞችም ይመግብ እንደነበር የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሚስዮናውያን መዝግበዋል። ብዙዎች ወደ እምነት የመጡት ያን አይተው ነው። በእጃቸው የነበረው በቋንቋቸው የተተረጎመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ብቻ ነበር።

«ለአገልግሎት ስል ቤቴን ትቻለሁ»

የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል? ጥያቄው የጳውሎስ ነው፤ በዚያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት። የአገልጋይ ልጆች አባታቸውን በመድረክ ላይ ብቻ የሚያውቁት ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

«ፍቅር የልብ ነገር ስለሆነ አይለካም፤ የማይለካ ነገር ደግሞ ግብ አይሆንም»

ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። የፍቅር ሥራ ግን በዓይን ይታያል፤ «በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንዋደድ» የተባለውም ስለሚታይ ነው። ያዕቆብ የጉባኤን ፍቅር የለካው በወንበር ነው፦ የወርቅ ቀለበት ላደረገው የትኛውን ቦታ ሰጣችሁ፣ እድፋም ልብስ ለለበሰውስ? ጳውሎስ የመበለቶች መዝገብ እንዲያዝ አዟል።

የሽማግሌዎች ጉባኤ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች አሉ። ለአንድ ወር ከጉባኤ የቀረን ሰው ማን አወቀ፣ ማንስ ሄዶ አየው? የተጣሉ ሁለት መዘምራንን ለማስታረቅ ስንት ሳምንት ፈጀ? ልቅሶ የምንደርሰው ለታወቁት ብቻ ነው ወይስ ከኋላ ለሚቀመጡትም? የግቢው ጥበቃና የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዛቸውን በወሩ መጨረሻ ያገኛሉ ወይስ «ጌታ ያውቃል፣ ታገሡ» እየተባሉ ወር ያልፋል? ያዕቆብ 5፥4 የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሕንፃው ማስፋፊያ በፊት የእነዚህ ሁለት ሠራተኞች ጉዳይ ይታይ፤ ዘግይቶባቸው የነበረ ካለም በዚያው ሳምንት ይከፈላቸው፣ ይቅርታም ይጠየቁ።