ቤት ውስጥ የምናሳድገው እባብ ቆዳውን ሲቀይር እንዴት ነው የሚረዳው

የኛም ቆዳ በየቀኑ ይራገፋል እኮ፣ ግን ብናኝ ብናኝ እያለ ስለሚሄድ አይታየንም። እባብ ግን የላይኛውን ሽፋን በአንዴ ነው የሚያወልቀው፣ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው፣ ልክ ካልሲ ሲወልቅ እንደሚገለበጠው። ጤነኛ ከሆነና ያለበት ቦታ ከተስማማው ማንም ሳይነካው ራሱ ይጨርሰዋል። እባቡን መርዳት ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ቁጭ ብሎ መላጥ ነው፣ እውነቱ ግን ስራው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዛ በፊት ያለ ነው፤ አየሩ ላይ፣ ውሃው ላይ፣ ሙቀቱ ላይ።

ትንንሾቹ ቶሎ ስለሚያድጉ በወር አንዴ አካባቢ ይቀይራሉ፣ ያደጉት ደግሞ በየሁለት ሶስት ወሩ ወይም ከዛም ቆይተው። ምክንያቱ ማደግ ብቻ አይደለም፣ ቁስል ያለበት እባብም ቶሎ ቶሎ ሊቀይር ይችላል።

ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሆዳቸው ነጣ ያሉት ላይ ከስር ሮዝ ነገር ይታያል። ከዛ አይኑ ይደፈርሳል፣ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስልና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እባብ የአይን ቆብ የለውም፣ አይኑ ላይ ያለው እንደ መነጽር መስታወት ጥርት ያለ አንድ ቅርፊት ነው፣ እሱም ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል። የሚደፈርሰው በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መሀል ፈሳሽ ስለሚገባ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ አይኑ ተመልሶ ይጠራል፣ እና ጀማሪዎች እዚህ ጋር ይሸወዳሉ፣ አለፈለት ብለው ያወጡትና ይይዙታል፣ ግን ቆዳው ገና አልወለቀም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልቀው አይኑ ከጠራ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከመደብዘዙ እስከ መጨረሻው ሲደመር አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

በዚህ ጊዜ እባክህ አትንካው። በደንብ አያይም፣ ስለዚህ ይፈራል፣ የዋሁ እንኳን ሊነክስ ይችላል፣ ደግሞ ከስር ያለው አዲስ ቆዳ ገና ለስላሳ ነው በቀላሉ ይጎዳል። ምግብም ይቆይ። ብዙዎቹ ራሳቸው እምቢ ይላሉ፣ በልቶ ከተጨነቀ ደግሞ ሊያስመልሰው ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር እርጥበት ነው። ቦል ፓይተን የሚባለው ትንሽ የአፍሪካ ዘንዶ በአዘቦቱ 60% አካባቢ ይፈልጋል፣ ሲቀይር ከ70 እስከ 80 ብታደርስለት ጥሩ ነው። ኮርን ስኔክ፣ መርዝ የሌለው የአሜሪካ እባብ፣ ከ40 እስከ 60 ይበቃዋል፣ እሱም በዛ ሰሞን ከፍ ቢልለት ይወዳል። መለኪያው ዲጂታል ሃይግሮሜትር (የአየር እርጥበት መለኪያ) ይሁን፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀስቱ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፣ የምታስቀምጠውም እባቡ በሚተኛበት ከፍታ እንጂ ጣሪያው ስር አይደለም። ቴራሪየሙ፣ ማለትም እባቡ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን፣ ከላይ ወንፊት ከሆነና የሙቀት አምፖል ካለበት እርጥበቱ በዛው ነው የሚያመልጠው፣ የወንፊቱን ግማሽ መሸፈን ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ውሃ መርጨት ይረዳል ግን ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል፣ በሱ ብቻ መተማመን አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ የምወደው እርጥብ መደበቂያ ነው። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ኮንቴይነር ወስደህ ጎኑን እባቡ የሚያልፍበት ያህል ትበሳዋለህ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ ቆዳውን እንዳይቀድደው፣ ውስጡን ስፋግነም ሞስ የሚባለውን ውሃ የሚይዝ ስፖንጅ መሳይ ተክል ትሞላዋለህ፣ ሞሱን ውሃ ነክረህ አንድ ጠብታ እስከማይወርድ ድረስ ጨምቀህ ነው እንጂ ዝም ብሎ የራሰ አይሁን። ከሞቃቱ ጎን ጠጋ አድርገህ ታስቀምጠዋለህ፣ ሳይሻግት ትቀይረዋለህ። እባቡ ሲፈልግ ይገባል ሲበቃው ይወጣል። ቤቱን በሙሉ ረግረግ ማድረግ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ሁሌ እርጥብ ላይ የሚተኛ እባብ የሆዱ ቅርፊት ቡናማ ይሆንና ውሃ ይቋጥራል፣ አየር ካልተዘዋወረ ደግሞ መተንፈሻው ይታመማል።

ሻካራ ነገርም ያስፈልጋል፣ ግንድ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ ድንጋይ። የኔዋ ኮርን ስኔክ ስትቀይር አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አፍንጫዋን ግንዱ ላይ ስታሽ ስታሽ ቆይታ ከንፈሯ ጋር ቆዳው ብድግ አለ፣ ከዛ ወደ ኋላ ተገልብጦ ጭንቅላቷ ብቅ ሲል የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ነው፣ ከዛ በኋላ በግንዱና በግድግዳው መሀል ቀስ ብላ እየሄደች ከኋላዋ ትታው መጣች። ትኩሱን ስነካው እርጥብና ለስላሳ ነበር፣ ጠዋት እንደ ወረቀት ደርቋል።

በቁርጥራጭ ከወጣ ወይም ሰውነቱ ላይ ከቀረ የሆነ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየሩ መድረቅ ነው፣ ቀጥሎ ውሃ ማነስ፣ ብርድ፣ የምግብ እጥረት፣ የድሮ ጠባሳ፣ ወይም ማይት የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች። እባብህ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚውል ከሆነና አገጩ ስርና አይኑ ዙሪያ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር ነጥቦች ካየህ ማይት ነው።

የቀረውን ለማስለቀቅ አየር የሚያስገባ ሳጥን ውስጥ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ አድርግ፣ ጭንቅላቱን እንደልብ ከውሃ በላይ እንዲይዝ ጥልቀቱ ትንሽ ይሁን፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይቆይ፣ አንተም ከአጠገቡ አትራቅ። ከዛ እርጥብ ፎጣ ላላ አድርገህ ይዘህ በመሀሉ ራሱ እንዲሳብ ተወው፣ ፎጣው ይይዝለታል። ያልለቀቀው ለነገ ይቆይ። ደረቅ እያለ መጎተት በፍጹም፣ አዲሱንም ይዞት ይመጣል። ዘይትና ቫዝሊንም እርጥበት አይተኩም፣ ቆሻሻ ነው የሚሰበስቡት።

ሁለት ቦታ ሁሌ ይታይ። አንዱ የጭራው ጫፍ ነው፣ እዛ የቀረ ቆዳ እንደ ቀለበት ያንቀዋል፣ ደም ይቋረጣል፣ ጫፉ ጠቁሮ ይወድቃል። ሁለተኛው አይኑ ነው። የወለቀውን ቆዳ ጭንቅላቱ ጋር ዘርጋውና ወደ ብርሃን አንሳው፣ ሁለቱም የአይን መስታወቶች ሙሉ ሆነው መታየት አለባቸው፣ ቀዳዳ ካየህ አንዱ አይኑ ላይ ቀርቷል። እዚህ ላይ ወረንጦ፣ ጥፍር፣ ፕላስተር ምናምን እንዳታስብ፣ ከአሮጌው ጋር የራሱን መስታወት ካነሳኸው አይኑ ይጠፋል። አይኑ ደህና ከሆነ እርጥበቱን ከፍ አድርገህ ቀጣዩን ቅያሪ ጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ አብሮ ይወልቃል። ካበጠ፣ ፈሳሽ ካለው ወይም ሁለት ሶስት ተደራርቦ ከሆነ ግን ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጋር ነው። እርጥበቱ ተስተካክሎም በየጊዜው የሚቆራረጥበትም እንደዛው፣ ስትሄድ የወለቀውን ቆዳ በፌስታል ያዝ፣ የቤቱን ሙቀትና እርጥበት በቁጥር ጽፈህ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።