«ተቆጣ» ሲባል ማን ነው የተቆጣው?

እግርህን ወለም ብሎህ ያውቃል? ቆዳው አልተላጠም፣ ጀርም የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ግን በሰዓታት ውስጥ ቁርጭምጭሚትህ ዳቦ መስሎ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል። እኛ «ተቆጣ» እንላለን፣ ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ብዙ ሰው ታዲያ ከኢንፌክሽን ጋር ያምታታውና አንቲባዮቲክ ፍለጋ ፋርማሲ ይሮጣል።

አንድ አይደሉም። ኢንፌክሽን ጀርም ገብቶ ሲራባ ነው፤ ብግነት ግን የሰውነት የራሱ ምላሽ ነው፣ ቁጣው የኛው ነው። በየሥጋችን ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ዘበኛ ሴሎች አሉ፣ እነሱም ሁለት ነገር ያሸታሉ፦ አንድም እኛ ጋ የሌለ፣ ባክቴሪያ ላይ ብቻ የሚገኝ የግድግዳ ቁራጭ፣ አንድም ከተቀደደ የራሳችን ሴል ወደ ውጭ የፈሰሰ፣ እዚያ መገኘት ያልነበረበት ነገር፣ ለምሳሌ ዲኤንኤ። ወለምታ ሁለተኛው ነው። ዘበኛው ሲጮህ (ጩኸቱ ሳይቶካይን የሚባል ኬሚካል ነው) የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ለዚህ ነው የሚቀላውና የሚግለው፤ ከዚያ ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራሉ፣ ያብጣል። ሕመሙን የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሌላ ኬሚካል ነው፣ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን የሚያግደውም የሱን መመረት ነው። አንቲባዮቲክ እዚህ ምን ይሠራል? ምንም። ሪህም ቢሆን ያው ነው፦ መገጣጠሚያ ውስጥ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ይጠራቀማል፣ ዘበኛው ያገኘዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኻል።