«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»፦ ምን ያህል ብናጣራ ይበቃናል?

ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ይህን አባባል ትሰማላችሁ። ባል ካለፈው ሳምንት ጠብ ይጀምራል። አንዱ ሽማግሌ ያስቆሙታል። «ቆይ ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። መነሻው ምን ነበር?» ትርጉሙ እዚሁ ጥያቄ ውስጥ አለ። ከመፍረድህ በፊት ነገሩ ወደተነሳበት ሂድ ነው።

የአባባሉ አገር ገጠር ነው። ምንጭ ባለበት መንደር ሴቶቹ እንስራቸውን የሚሞሉት ከምንጩ ዓይን ነው። ከብቱ ዝቅ ብሎ ይጠጣል። ልብስ ከዚያም በታች ይታጠባል። ውሃው ያው የአንድ ምንጭ ውሃ ነው። ከብት ከረገጠው ላይ ግን አሥር እንስራ ብትቀዳም ድፍርስ ነው። «ነገር» የሚለው ደግሞ ከሸንጎ የመጣ ነው። በላ ልበልሃ በሚባልበት ዘመን አንደበተ ርቱዕ ሰው ሙግቱን ሊያሳምረው ይችል ነበር። ያም ሆኖ «አየሁ» የሚል ምስክር እና «ሲባል ሰማሁ» የሚል ምስክር እኩል አይመዘኑም።

እንግዲህ አባባሉ «ብዙ ሰብስብ» አይልም። የት እንደምትቀዳ ነው የሚጠይቅህ። ይህን ብዙዎቻችን እንስተዋለን።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁጥር እንወዳለን። ለትንሽ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሦስት ነጋዴ ዋጋ ይስጥና እናወዳድር ነው። ሠራተኛው ግን አንድ ሱቅ ይገባል። ባለሱቁ «ሦስቱንም ልጨርስልህ?» ይለዋል። ልጁን ጎረቤት ሱቆች ልኮ ማህተም ያስመታል። የነሱን ዋጋ ከፍ፣ የራሱን ዝቅ አድርጎ ይሞላል። ፋይሉ ተሟላ፣ ፊርማው ተፈረመ። ወረቀቱ ሦስት ነው፣ ምንጩ ግን አንድ ነው፤ ያውም ሻጩ ራሱ!

በሌላ በኩል «ገና እያጣራን ነው» እያለ ዓመት የሚያስቆጥር አለቃም አለ። ለሱ የሚሆነው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚቆመው? እኔ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ ከለንደን ነው፤ ነገሩም የውሃ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገባ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የብሮድ ስትሪትን የውሃ ፓምፕ ጠረጠረ። ውሃውን ቀድቶ ሲመረምር ግን ይህ ነው የሚባል ቆሻሻ አላገኘበትም። አመነታ። ዓይን የሚያየው ጥራት እዚህ ላይ አልጠቀመም።

ከዚያ የሟቾችን ዝርዝር ከመዝገብ ጽሕፈት ቤት አወጣ። 83 ሰዎች ናቸው። በየአድራሻው መዞር ጀመረ። ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚያ ፓምፕ ጎረቤቶች ሆነው ተገኙ። ለሌላ ፓምፕ በሚቀርቡ ቤቶች የሞቱት 10 ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው «10 ምንም አይደል» ብሎ ያልፋቸው ነበር። ስኖው ግን እነሱኑ ተከታተለ። የ5ቱን ቤተሰቦች ሲጠይቅ፣ ውሃ የሚያስቀዱት ሁልጊዜም ከብሮድ ስትሪት ነበር። ሌሎች 3ቱ ደግሞ ትምህርት ቤታቸው በፓምፑ አካባቢ የሆነ ልጆች ናቸው።

ለእኔ የሚበቃው መረጃ ይህ ነው። ግምትህን ያፈርሳሉ ያልካቸው ሰዎች ቤት ድረስ ሄደህ፣ ከራሳቸው ሰዎች አፍ ሰምተህ፣ ግምትህ ካልፈረሰ ትወስናለህ። ስኖው መስከረም 7 ምሽት ለሰፈሩ አስተዳደር ቦርድ ነገራቸው። በማግስቱ የፓምፑ እጀታ ተነሳ። ነዋሪው አስቀድሞ እየሸሸ ስለነበር የሟቹ ቁጥር መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ይህንን ስኖው ራሱ ጽፎታል። የበሽታው ተዋሲያን ምን እንደሆነም አያውቅም ነበር። ተዋሲያኑ በሰፊው የታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በ1880ዎቹ ካጠናው በኋላ ነው። ስኖው እስከዚያ ቢጠብቅ ኖሮ አስቡት።

የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ግን አላመኑም። ስኖው ተሳስቷል ብለው የራሳቸውን ማጣራት ጀመሩ፤ ነዋሪዎቹን ያውቋቸዋልና አንድ በአንድ ጠየቁ። በ1855 ከፓምፑ አጠገብ፣ 40 ቁጥር ቤት፣ ወረርሽኙ ሳይፋፋም የታመመች ሕፃን እንደነበረች ደረሱበት። እናትየው የልጅቷን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ የምትደፋው ቤቱ ሥር ካለ የቆሻሻ ጉድጓድ ነበር። ሲቆፈር የጉድጓዱ ግንብ ፈራርሷል፤ ከውሃው ጉድጓድ የሚለየውም አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቄሱ ሊያፈርሱት የተነሱትን ሐሳብ ራሳቸው አጸኑት፤ እጀታው ከተነሳ ከወራት በኋላ።