«መድኃኒት ቅጠል በልቶ ያደገ ሥጋ» ለምትሉኝ

ባለፈው እሑድ ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን አንዱ ከቆላ የመጣ የድኩላ ታፋ በፌስታል ይዞ ገባ። ፌስታሉ ከውስጥ በላብ ወርዝቷል። «ይሄ እኮ እንደ ከብት አይደለም፤ መድኃኒት ቅጠል በልቶ ያደገ ነው፣ ጥሬውን ነው የሚበላ» አለ። ቤቱ ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ቄራ ውስጥ 22 ዓመት ሥጋ መርምሬያለሁና አፌን ልከፍት ስል እህቴ «አንተ ደግሞ ጀመርህ» አለችኝ። እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው።

ድኩላው ቅጠል ይበላል፣ እሺ። ፍየላችሁም ያንኑ ቁጥቋጦ ነው የምትቀነጥበው፤ የፍየል ጥሬ ሥጋ ቁረጡልኝ የሚል ግን አልገጠመኝም። ቅጠል ሆድ ገብቶ ጡንቻ አያጥብም።

ግማሽ እውነት እንዳለበት አልክድም። የኛ ኮሶ የሚመላለሰው በሰውና በከብት መካከል ነው። ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ከብቱ እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ይውጣል፣ ሥጋው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ፊኛ ይፈጠራል፤ ያንን ጥሬውን የበላ ሰው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ሆዱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ድኩላ በዚህ ዙር ውስጥ ብዙም የለበትም። ታዲያ ኮሶ ባይኖረውስ? ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ የዱር እንስሳ ሥጋ ውስጥም ይገኛል። ጥይቱ አንጀት ከበሳ ደግሞ ፈርሱ ሳልሞኔላ ከሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ጋር ሥጋው ላይ ይረጫል። የቄራ በሬ ቢያንስ ተንጠልጥሎ፣ ደሙ ፈስሶ፣ ጉበቱና ሳንባው ተሰንጥቆ ታይቶ ነው የሚወጣው። የናንተን ድኩላ ፀሐይ ላይ ተገፎ፣ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ፣ በሚኒባስ ሲመጣ ማን አየው?

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን «ነፍሱ ሳትወጣ ደረስንበት» የምትለዋ ናት። ወሎ ውስጥ ሞቶ የተገኘ እንስሳ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላም፤ ደግ ሥርዓት ነው። ሰዉ ግን ማለፊያ አበጅቶለታል። ሚዳቋዋ ጫካ ዳር ወድቃ ስትንፈራገጥ ይደርሱና ቢላዋ ያሳርፉባታል፤ ተባርካ ታረደች፣ አለቀ። ወገኖቼ፣ ቢላዋው የሃይማኖቱን ይፈጽማል እንጂ በሽታውን ይዞ አይወጣም። ያልተመታ፣ ያልተሰበረ፣ አውሬ ያልነከሰው እንስሳ ምን ሆኖ ወደቀ? ብላችሁ አትጠይቁም።

አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ተህዋስ በድኑ ሳይከፈት ከቆየ እዚያው ከብስባሹ ጋር በብዛት ይሞታል። ተገፎ አየር ሲያገኘው ግን ጠንካራ ልባስ ያወጣና አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ድስት ውስጥ መንተክተኩም አስተማማኝ ሆኖ አይገድለውም። እያረዳችሁ ያላችሁት የሚቀጥለውን ትውልድ ከብት ጭምር ነው። ቶሎ የሚነፋ፣ ሰውነቱ ግትር የማይል፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚያወጣ በድን ካያችሁ ቢላዋችሁን ወደ አፎቱ መልሱ፣ ውሻም አታስጠጉ፣ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ያቃጥለዋል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀብረዋል።

አንድ ጎረምሳ ክንዱ ላይ ጥቁር ቁስል ወጥቶበት አየሁት። ዙሪያው አብጧል፣ ሲነካ ግን አያመውም። «ሸረሪት ሸናብኝ» ብሎ ቅጠል ለጥፎበታል። ሰሞኑን ምን ገፈፍህ ስለው መጀመሪያ ምንም አለ፤ ቆይቶ ከጓደኞቹ ጋር ቆላ ወርደው «ልትሞት ስትል የደረሱባት» ሚዳቋ መጣች። ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ጠባሳውን ዛሬም እጅጌው ሥር ይደብቀዋል።

ትንንሾቹን ልለፍባቸው። ሚጥሚጣና አረቄ ጀርም አይገድሉም፤ የሚያቃጥሉት የናንተን ጉሮሮ ነው። ሎሚና ጨው ጠረን ይቀንሳሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ቋንጣ ማድረግም ሥጋውን ያቆየዋል እንጂ ውስጡ ያለውን ሁሉ አይፈጅም፤ ወጥ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይብሰል። «ደሙ ካልታየ በስሏል» የምትሉ ደግሞ ቀለም ያታልላል፤ ማብሰያ ቴርሞሜትር ያለው ሰው የወፍ ሥጋ መሐሉ 74፣ የድኩላው 71 ዲግሪ መድረሱን ይይ። የሌለው አጥንቱ ከሥጋው እስኪላቀቅ ይታገስ።

ቆቅና ጅግራ «የማንም አይደሉም» የሚባለውም ውሸት ነው። በሕጉ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ ስለዚህ ታፋ ይዛችሁ ስትመጡ ከጤናው በፊት ወረቀቱን እጠይቃለሁ። ለዚህ ነው ብዙ ቤት ቡና የማልጠራው።

«ጥይት የመታውን ቦታ ቆርጦ መጣል ይበቃል» ይባላል። ጥይቱ እርሳስ ያለበት ከሆነ አጥንት ሲነካ ይበጣጠስና ዓይን የማያየው ስባሪ ከቁስሉ ርቆ ይሄዳል። ቢያንስ አንድ ስንዝር ዙሪያውን ቁረጡ፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ከዚያ አካባቢ ጨርሶ አትስጡ።

ያልፈለግነውን ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወርም ደግነት ይመስላል። ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ፣ ያንን የበላው ውሻ ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ትሎች ያድጋሉ፤ እንቁላላቸው ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ከረጢቱ ልጁ ጉበት ላይ ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ያድግና ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው። ውሻው የሚወደውን ጉበት ቀቅሉለት፤ ከረጢት ያለበትን ቅበሩት።

አሁን ስለ ምጣዱ። «ሲባረር የዋለ ሥጋ ይጣፍጣል» የሚሉ አዳኞች አሉ። ብዙ የሮጠ እንስሳ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ስኳር ይጨርሳል፣ ከታረደ በኋላ ሥጋውን የሚያቆየው አሲድ በበቂ አይፈጠርም፤ ሥጋው ጠቁሮ፣ ተጣብቆ፣ ቶሎ ይበላሻል። «የዱር ጠረን» የምትሉትም አንዳንዴ ይኸው ነው፣ አንዳንዴ የፈሰሰ ሐሞት ነው፣ አንዳንዴ ቶሎ ያልወጣ አንጀት። አንጀቱን ወዲያው አውጡ፣ ጥላ ላይ ንፋስ ይምታው፣ ፌስታሉን ጣሉት።

የዱር ሥጋ ስብ የለውም፤ እንደ በግ ጥብስ ካነደዳችሁበት ጫማ ይሆናል። ቆቅ ከሆነ ሽንኩርቱን አብዝታችሁ አቁላሉ፣ ቅቤውን አትሰስቱ፣ ክዳኑን ግጠሙና እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ደሴ ላይ ደግሞ ጊዜ ጨምሩበት። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ 94 ይጠጋል። እህቴ በሁለት ሰዓት የምታወርደው ቆቅ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እኛ ቤት ሲደርስ ሁለት ሰዓት ተኩልም አልበቃው ብሎ ነበር። ባለቤቴ ከሰል ሻጩን ረግማ ነው ያደረችው።