ስለ 4,294,967,297 የሚባለውና እውነታው

ደሴ ውስጥ በክረምት የማስጠናቸው ልጆች ስለ ትልልቅ ቁጥሮች የማይሉት ነገር የለም። አብዛኛውን ወሬ በዚህ አንድ ቁጥር መፈተን ይቻላል። 2ን 32 ጊዜ ጽፈን ሁሉንም እናባዛቸውና 1 እንጨምራለን። የሚመጣው እሱ ነው።

"መጨረሻው 7 ነው፤ ስለዚህ ፕራይም ነው።"

ፕራይም የሚባለው ከ1 እና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ቁጥር ነው። እርግጥ ከ5 የሚበልጥ ፕራይም ሁሉ መጨረሻው 1፣ 3፣ 7 ወይም 9 ነው። ግልባጩ ግን አይሠራም። ከሰኞ ገበያ 27 ብርቱካን ገዝታችሁ ለሦስት ልጆች ብታካፍሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ይደርሳቸዋል።

"አሃዞቹን ደምረን በ3 ካልተካፈለ አለቀ።"

የቁጥራችን አሃዞች ድምር 59 ነው። ይህ የሚነግረን 3 እንደማያካፍለው ብቻ ነው። ስለ ሌሎቹ ዝም ነው።

"ትልልቆቹ ሊቃውንት አይሳሳቱም።"

ይሄኛው ደስ ይለኛል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1640 አካባቢ ፈረንሳዊው ፒየር ዴ ፈርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ፕራይም መሆናቸውን አየ። ከእያንዳንዱ 1 ቀንሰን፣ የቀረውን በራሱ አባዝተን 1 ስንጨምር የሚቀጥለው ይመጣል፤ ከ65,537 ቀጥሎ የሚመጣው የእኛው ቁጥር ነው። እሱም ፕራይም ነው ብሎ አመነ። አምስቱ ከተሳኩ ማን ይጠረጥራል? በ1732 ግን ሌዎንሃርድ ኦይለር ሁለት ቁጥሮች አቀረበ፦ 641 እና 6,700,417። አባዟቸው፣ ልክ 4,294,967,297 ይመጣል።

"ያለ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።"

አብሽሩ፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። መጀመሪያ ነገር ከ65,536 በላይ መሞከር አያስፈልግም። ሁለቱም አካፋዮች ከዚያ ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥራችን ያልፋል። ኦይለር በኋላ እንዳስረዳው ደግሞ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት ፕራይሞች ከትንሹ ሲጀመር 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

"ቁጥር ሲተልቅ አካፋዮቹም ይበዛሉ።"

የእኛው አራት ብቻ ነው ያለው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ። ከእሱ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚያንሰው 720,720 ግን 240 አካፋዮች አሉት።

"ፕራይም አይደለም ለማለት አካፋዩን ማሳየት ግድ ነው።"

አይደለም። አንድ ፕራይም የሁለት ስኩዌሮች (በራሳቸው የተባዙ ሙሉ ቁጥሮች) ድምር ሆኖ ከተጻፈ፣ መንገዱ አንድ ብቻ ነው። የእኛው ግን 65,536 በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 1 ነው፤ 62,264 በራሱ ተባዝቶ፣ 20,449 በራሱ ተባዝቶ ሲደመሩም እሱ ነው። ሁለት መንገድ ተገኘ። ስለ 641 ምንም ሳናውቅ ፕራይም አለመሆኑ ተረጋገጠ። የማያምን ስልኩን አውጥቶ ያስላ።