ቤዝቦል ላይ ኳስ እንዴት ይመታል፦ ሰፈር የሚለውና እውነታው

ደሴ ላይ አንድ ልጅ የቤዝቦል ዱላ ይዞ ሜዳ ከወጣ መካሪ አያጣም። ለእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ዱላና ኳስ ተልኮለት ይህን ጉድ አየሁ። ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ ሁሉ አሰልጣኝ ሆነ።

«ከላይ ወደ ታች አሳርፍባት!»

የገና ጨዋታ ልማድ ይመስለኛል። ገና ላይ ሩሯ መሬት ላይ ስለሆነች ዱላው መውረድ አለበት። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ልጆችን እንዲህ የሚያስተምሩ አሰልጣኞች ሞልተው ነበር። ቤዝቦል ላይ ግን ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ቁልቁል እየወረደች ነው የምትመጣው። ዱላውም ቁልቁል ከሄደ ሁለቱ የሚገናኙት ለቅጽበት ብቻ ነው። ትንሽ ከቀደመ ወይ ከዘገየ ሳታት ማለት ነው። ዱላው መጨረሻ ላይ ትንሽ ሽቅብ ካለ ግን በኳሷ መስመር ላይ ቆየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1941 የውድድር ዓመቱን በ0.406 የመምታት አማካይ (ከአሥር ሙከራ አራቱ ያህል ተሳክቶለት ማለት ነው) የጨረሰው አሜሪካዊው ተጫዋች ቴድ ዊሊያምስም የሚሟገተው ለዚሁ ነበር። ትንሽ ነው ያልኩት፤ አፈር በአካፋ እንደሚዝቅ ሰው አይሁን።

«አብሽር፣ ክንድህ ሲፈረጥም ይመጣል»

ጉልበቱ የሚነሳው ከእግር ነው። መጀመሪያ የፊት እግር ይረግጣል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል። እጅና ዱላ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት። ልጁ ሲመታ እጁን ተዉና የኋላ ተረከዙን እዩ። መሬት ላይ ተጣብቆ ከቀረ የመታው በክንዱ ብቻ ነው። እምብርቱ ወደ ወርዋሪው ከዞረ ግን ጥሩ ነው። ለልምምድ ወርዋሪም አያስፈልግም። ወገቡ ልክ በሆነ ግንድ ላይ የካልሲ ኳስ አስቀምጡለትና ቀስ እያለ ይምታ። የጎረቤት መስኮትም ይተርፋል።

«ከባድ ዱላ ሩቅ ይልካል»

ልጁ በፍጥነት ማወናጨፍ ከቻለ ነዋ! ዱላውን በአንድ እጁ ወደ ጎን ዘርግቶ ይያዘው። ጫፉ ወዲያው ከወረደ ከብዶታል። ሌላ ዱላ ከሌለ ከእጀታው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝ።

«ዱላው እስኪነካት ዓይንህን አትንቀል»

በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የምትወረወር ኳስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ትደርሳለች። ትላልቆቹ ተጫዋቾችም እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት በዓይናቸው አይከተሏትም። ምክሩ ግን አይጣል፤ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ ይረዳዋል።

«ሩቅ ሄደች፣ በቃ ችሏል!»

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ራቅ ብላ ትበራለች። 1,600 ሜትር ላይ ያለችው የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር እንኳ በዚሁ ነው የምትታወቀው። ስለዚህ ርቀቱን ሳይሆን በተከታታይ እያገኛት መሆኑን እዩ።

«ልጅ ነው፣ ሄልሜት ምን ያደርግለታል?»

እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ኳሷ 145 ግራም አካባቢ ናት፤ ደግሞም ደረቅ ናት። ሄልሜት እስኪገኝ በካልሲ ኳስ ይጫወት።