የአሜሪካ የምርጫ ሰሞንና የሁለቱ ጎራዎች ምሬት

አሜሪካ ውስጥ ምርጫ ሲደርስ ዴሞክራቱ በሪፐብሊካኑ፣ ሪፐብሊካኑም በዴሞክራቱ ይበግናል። ንዴቱ እጩው ላይ አይቆምም። ወደ መራጩ፣ ወደ ጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ወደ ገዛ ወንድም ይወርዳል። ተመራማሪዎች ይህን ስሜት በፖሊሲ ላይ ካለ የሐሳብ ልዩነት ለይተው ያጠኑታል። ሁለት ሰዎች በግብር ጉዳይ ብዙም ሳይራራቁ እርስ በርስ ሊጠላሉ ይችላሉና። ዛሬ ድምፁን የሚሰጠው የራሱን ፓርቲ ወዶ ሳይሆን ሌላው እንዳይመጣበት ፈርቶ የሆነ አሜሪካዊ ብዙ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሞኑ ራሱ ረጅም ነው። የፕሬዚዳንት ምርጫ በየአራት ዓመቱ በኖቬምበር ይካሄዳል። ዶናልድ ትራምፕ ግን ለ2024ቱ ምርጫ እወዳደራለሁ ያሉት በኖቬምበር 2022 ነው። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ የኮንግረስ ምርጫ አለ። ስለዚህ አንዱ ቅስቀሳ ሳይበርድ ሌላው ይጀምራል። ውጤቱን የሚወስኑት ጥቂት ግዛቶች ናቸው። በ2024 ሰባት ነበሩ፤ ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሪዞናና ኔቫዳ። እዚያ የሚኖር ሰው ቴሌቪዥን ከከፈተ ከምርጫ ማስታወቂያ አያመልጥም። ብዙው ማስታወቂያ "እኔ ይህን እሠራለሁ" አይልም። "ያኛው ቢመጣ ጉዳችሁ ፈላ" ነው የሚለው። ስልኩም ቀን ከሌት ገንዘብ ላኩ በሚል መልእክት ይጨናነቃል።

ጥንትም ነበረ

ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 ባወጡት የስንብት መልእክት የፓርቲ ስሜት አገር እንዳይጎዳ አጥብቀው አስጠንቅቀው ነበር። ሰሚ አላገኙም። በ1800 ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን የተፋለሙበት ምርጫ እስከ ዛሬ በመራራነቱ ይነሳል። የአዳምስ መንግሥት በ1798 በወጣ ሕግ ተቺ ጋዜጠኞችን አሰረ። ማቲው ላየን የተባለ የቬርሞንት የምክር ቤት አባልም በጻፈው ነገር ታሰረ። መራጮቹ ግን እስር ቤት እንዳለ መልሰው መረጡት። አዳምስ ተሸነፉ። ጄፈርሰን ቃለ መሐላ በሚፈጽሙበት ቀን ገና ሳይነጋ አዳምስ ዋሽንግተን ከተማን ለቀው ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት ተኳርፈው ቆይተው በ1812 እንደገና ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመሩ። የሞቱትም በአንድ ቀን ነው፤ ጁላይ 4 ቀን 1826፣ የነጻነት አዋጁ 50ኛ ዓመት ሲከበር።

ሁሉም በዕርቅ አላለቀም። ሜይ 22 ቀን 1856 የደቡብ ካሮላይናው እንደራሴ ፕሬስተን ብሩክስ ወደ ሴኔት አዳራሽ ገቡ። የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው ይጽፉ ነበር። ሰምነር ባርነትን አምርረው በኮነኑበት ንግግር የብሩክስን ዘመድ፣ አንድ ሴናተርን፣ በስም አንስተው ዘልፈዋል። ብሩክስ በከዘራ ደበደቧቸው፤ ከዘራው እስኪሰበር ድረስ። ሰምነር በቅጡ ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ማሳቹሴትስ ወንበራቸውን ክፍት አድርጋ ጠበቀቻቸው። የደቡብ ሰዎች ደግሞ ለብሩክስ አዳዲስ ከዘራ በስጦታ ላኩ። እኔን ከድብደባው ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ይህ ስጦታ ነው። አንዱ የደማበትን ሌላው እንደ ድል ሲያከብረው፣ በመሃላቸው የቀረ የጋራ ነገር የለም። አምስት ዓመት ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ።

ታዲያ አሁን ለምን ባሰ?

በ1958 በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግ ጋብቻን እደግፋለሁ ያሉት አሜሪካውያን ከመቶ 4 ነበሩ። በ2021 ግን 94 ደረሱ። በፓርቲ በኩል የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1960 ልጃቸው የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ብታገባ ቅር እንደሚላቸው የተናገሩት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2010 ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶች ሲሶው ቅር ይለናል አሉ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ደግሞ የሌላው ፓርቲ ሰዎች ከሌላው አሜሪካዊ ይልቅ ሥነ ምግባር የጎደላቸው ናቸው ወይ ብሎ ጠይቋል። በ2016 ከሪፐብሊካኖች 47፣ ከዴሞክራቶች 35 በመቶው አዎ ብለው ነበር። በ2022 ቁጥሩ ወደ 72 እና 63 አሻቀበ።

ዋናው ምክንያት ሰው በየጎራው እየተለየ መሄዱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሁለቱም ፓርቲዎች ቅይጥ ነበሩ። ደቡብ ውስጥ ወግ አጥባቂ ዴሞክራት፣ ሰሜን ምሥራቅ ውስጥ ለዘብተኛ ሪፐብሊካን ሞልቶ ነበር። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሴኔት 73 ለ27 ሲያልፍ ከ33ቱ ሪፐብሊካኖች 27ቱ፣ ከ67ቱ ዴሞክራቶች 46ቱ ደግፈውታል። ከዚያ ወዲህ የደቡብ ነጭ ወግ አጥባቂዎች ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካን፣ ለዘብተኞች ወደ ዴሞክራት ሄዱ። አሁን ፓርቲ ብቻውን አይመጣም። ሃይማኖት፣ ዘር፣ የትምህርት ደረጃ፣ ከተሜነትና ገጠሬነት አብረውት ይሰለፋሉ። ፓርቲው ሲሸነፍ ሰውየው እምነቱም፣ ሰፈሩም፣ አኗኗሩም የተሸነፈ ይመስለዋል።

ሚዲያውም አግዟል። የስርጭት ጣቢያዎች አወዛጋቢ ጉዳይን ከሁለቱም ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረው ደንብ በ1987 ተሻረ። በዓመቱ የወግ አጥባቂው የራሽ ሊምቦ የሬዲዮ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመረ። ኋላ ወደ ዴሞክራት ያደላው ኤምኤስኤንቢሲና ወደ ሪፐብሊካን ያደላው ፎክስ ኒውስ የተባሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሁለቱም በ1996 ተከፈቱ። ሪፐብሊካን ቀይ፣ ዴሞክራት ሰማያዊ ሆኖ የቀረውም ከ2000ው ምርጫ ወዲህ ነው። ያኔ ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ብልጫ ለጆርጅ ቡሽ እስክትሰጥ ድረስ የቴሌቪዥኑ ካርታ ለሳምንታት ከሰው ዓይን አልጠፋም።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለመተዋወቁ የት እንደደረሰ ያሳያል። ሰዎች ከሪፐብሊካኖች ስንቱ በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ ያገኛል ተብለው ሲጠየቁ በአማካይ ከመቶ 38 አሉ። እውነተኛው 2 ነው። ከዴሞክራቶች 32 በመቶው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ እንደሆነም ገመቱ። እውነተኛው 6 ገደማ ነው። ሰው የሚጠላው ጎረቤቱን ሳይሆን በጭንቅላቱ የሣለውን ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ

ይህን ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚያጠናክሩት እጩዎቹ ራሳቸው ናቸው። ባራክ ኦባማ በ2008 ሥራ ስላጡ የትናንሽ ከተማ ነዋሪዎች ሲናገሩ፣ ተማርረው መሣሪያቸውንና ሃይማኖታቸውን ሙጥኝ ይላሉ አሉ። ሚት ሮምኒ በ2012 ከአገሪቱ 47 በመቶው የመንግሥት ጥገኛ ስለሆነ አይመርጠኝም አሉ። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 የትራምፕን ደጋፊዎች ግማሹን "የማይረቡ" በሚል ቅርጫት ውስጥ ከተቱ። ሦስቱም የተናገሩት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ፣ በገዛ ደጋፊዎቻቸው ፊት ነው። ወዳጅ መሃል ሲሆኑ አፍ ይፈታል። የሮምኒው በድብቅ ተቀርጾ ወጣ። የክሊንተንን ስድብ የትራምፕ ደጋፊዎች ቲሸርት ላይ አትመው በኩራት ለበሱት።

ትራምፕ በበኩላቸው በኖቬምበር 2023 ኒው ሃምፕሸር ላይ ተቃዋሚዎቻቸውን ከተባይ ጋር አመሳሰሉ። ካማላ ሃሪስ በ2024 ትራምፕ ፋሺስት ናቸው ወይ ተብለው ሲጠየቁ አዎ ብለው መለሱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በትራምፕ የኒው ዮርክ ሰልፍ ላይ አንድ ኮሜዲያን ፖርቶ ሪኮን የቆሻሻ ደሴት አላት። ጆ ባይደን ስለዚህ ሲናገሩ የትራምፕን ደጋፊዎች ቆሻሻ ያሉ ተደርጎ ተሰማ። እሳቸው ኮሜዲያኑን ብቻ ማለቴ ነው ቢሉም ነገሩ አልቆመም። በማግስቱ ትራምፕ የሠራተኛ ሰደርያ ለብሰው ዊስኮንሲን ውስጥ የቆሻሻ መኪና ላይ ወጡ። ለመራጩ ከፖሊሲ ዝርዝር ይልቅ "ናቁኝ" የሚለው ስሜት ይቆያል።

ሌላ ዓይነት መሪነትም ታይቷል። በኦክቶበር 2008 ሚኒሶታ ሌክቪል ውስጥ አንዲት ሴት ኦባማን አላምነውም፣ ዐረብ ነው ስትል የኦባማ ተፎካካሪ ጆን ማኬይን ማይኩን ተቀበሏት። አይደለም እመቤቴ፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰውና ዜጋ ነው፣ በመሠረታዊ ጉዳዮች አለመስማማታችን ብቻ ነው አሏት። ደፋር መልስ ነበር። ዐረብም ጨዋ የቤተሰብ ሰው መሆኑን ቢጨምሩበት ግን እንዴት ባማረ።

ማዕድ፣ ሰፈርና ጥይት

ከምርጫው ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ታንክስጊቪንግ የተባለው የምስጋና በዓል ይመጣል፤ ዘመድ ሁሉ ለተርኪ ዶሮ ጥብስ የሚሰበሰብበት። ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ በስልክ የቦታ መረጃ የተሠራ ጥናት፣ የፖለቲካ አቋማቸው የተለያየ ቤተሰቦች ማዕዱን ከ30 እስከ 50 ደቂቃ አሳጥረውት እንደተነሱ አሳይቷል።

የእኛም ሰው ከዚህ ውጪ አይደለም። በኦክቶበር 2020 ትራምፕ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው ትችላለች ሲሉ ብዙ ኢትዮጵያዊ ተቆጣ። በ2021 ደግሞ በትግራዩ ጦርነት የተነሳ በባይደን መንግሥት የተከፉ የቨርጂኒያ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለአገረ ገዥነት ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ምረጡ ብለው ቀሰቀሱ። ትራምፕ ዲቪ ይቅር ማለታቸው አንዱን ወደ ዴሞክራት ይገፋዋል፤ የፅንስ ማስወረድና የቤተሰብ ጉዳይ ሌላውን ወደ ሪፐብሊካን ይስበዋል። አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰዎች ተለያይተው ይመርጣሉ።

ንዴቱ ደም ያፈሰሰባቸው ጊዜያትም አሉ። በ2017 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤዝቦል ሲለማመዱ በነበሩ ሪፐብሊካን እንደራሴዎች ላይ ተተኮሰ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሽንፈቱን ያልተቀበሉ የትራምፕ ደጋፊዎች ካፒቶልን ጥሰው ገቡ። ጁላይ 13 ቀን 2024 በትለር፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የትራምፕ ጆሮ ቆሰለ፤ አንድ ታዳሚም ተገደለ። በ2025 በጁን የሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት አባሏ ዴሞክራት ሜሊሳ ሆርትማን ከባለቤታቸው ጋር፣ በሴፕቴምበር ደግሞ ወግ አጥባቂው የፖለቲካ አቀንቃኝ ቻርሊ ከርክ ተገደሉ።

ይህን ለማርገብ ከሚሞክሩት አንዱ ብሬቨር ኤንጀልስ የተባለ ድርጅት ነው። የተጀመረው በዲሴምበር 2016 ኦሃዮ ውስጥ አሥር የትራምፕና አሥራ አንድ የክሊንተን መራጮችን አንድ ክፍል ውስጥ በማስቀመጥ ነው። አሠራሩን የነደፉት የትዳርና የቤተሰብ አማካሪው ቢል ዶኸርቲ ናቸው። ክርክር የለም። እያንዳንዱ ወገን ሌሎች ስለ እኛ ምን ያስባሉ የሚለውን ራሱ ይዘረዝራል። ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ላይ ትንሽ እውነት እንዳለ ይናገራል። ቀጥሎ አንደኛው ወገን መሃል ተቀምጦ ያወራል፤ ሌላው ዙሪያውን ከቦ ሳይናገር ያዳምጣል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። እኔ እስካሁን ካየኋቸው ሙከራዎች ሁሉ ልብ ያለው ይህ ነው። ግን የሚመጣው በፈቃዱ የሚመጣ ሰው ነው። በጣም የተናደደው ሰው ቤቱ ይቀራል።